የሁለት ደቂቃው ክራር

ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወልደሰንበት፤

ክረምቱን እንዴት ወጡት? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ቁልቁለቱ ላይ ያዘኝ ያሉት ሕመም ለቀቀዎ ወይስ እንደ ልማድዎ ሰው እንዳያይ ተደብቀው ያነክሳሉ? ግሩምና ይታይሽ ደህና ናቸው? ሉሲስ ጥርሷን ጨረሰች? በቆሎው ገባ ወይስ ዘንድሮም ከዝንጀሮ ጋር ተካፈላችሁት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጥቅምት ብርድ ኮልፌ ገብቷል፤ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የበሩ ብረት እጅ ይነክሳል። ልጅዎ ሃናም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ከእኔ ጋር ትከራከራለች። ከዚህ የበለጠ የጤንነት ምልክት አላውቅም።

በስልክ የተነገረ ነገር እንደ ጉም ይበናል ስለሚሉ በወረቀት እጽፍልዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውለው፣ «ወለተ፣ ለሃና እናት የገጠምኩትን ዘፈን ሰው ወደደው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር ጋሼ። ዛሬ ግን ማስታወሻ ደብተሬን ፊቴ ዘርግቼ የሆነውን ሁሉ እነግርዎታለሁ።

እንደሚያውቁት የልጅዎ አልበም ለእንቁጣጣሽ ወጥቷል። ወጣ ስልዎ እንደ ዱሮው ካርቶን ተሸክሞ የመጣ ሰው የለም፣ የሽፋን ወረቀት የለም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር የለም። በዋዜማው ማታ ዩቲዩብና ሌሎቹ የስልክ ማዳመጫዎች ላይ ተለቀቀ፣ በቃ። አብደላን ያስታውሱታል፤ ያኔ ከጎኔ ካሴት ይሸጥ የነበረው፣ አሁን የስልክ ሽፋን የሚሸጠው። በበዓሉ ማግስት መጥቶ «ወለተጻድቅ፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ፤ ግን ሕፃኑን ማየት አይቻልም?» ብሎ ቀለደብኝ።

አቀናባሪው ክብሮም ገና ከጅምሩ አልበም ይቅር፣ አንድ አንድ ዘፈን በየሁለት ወሩ እንልቀቅ ብሎ ነበር። «እትዬ፣ አልበም ዛሬ ለክብር ነው፤ ሰው የሚሰማው አንድ አንዱን ነው» አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። አልበም የሌለው ዘፋኝ ሱቅ እንደሌለው ነጋዴ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። አሥራ ሁለት ዘፈን ተሠራ። ቅደም ተከተሉንም እኔ ልምረጥ አልኩ፤ ይኸው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

በ1988 ሙዚቃ ቤቱን ስከፍት አንድ ልማድ ነበረን። ገዢ ሲመጣ ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከተን የኤ ሳይድን የመጀመሪያ ዘፈን ትንሽ እናሰማዋለን፤ አፉን ሳይከፍት ገልብጠን የቢ ሳይድን መጀመሪያ እናሰማዋለን። ሁለቱም ከያዙት እጁ ወደ ኪሱ ይገባል። አሳታሚዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ጥሩውን ዘፈን ለኤ መክፈቻ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ለቢ መክፈቻ ያደርጉታል። እኔም ከአሥራ ሁለቱ የሚበልጠው የእርስዎ መሆኑን አውቄ፣ በክብር ሰባተኛ ላይ አስቀመጥኩት። ቢ ሳይድ ለሌለው አልበም የቢ ሳይድ መክፈቻ! ማን ይገለብጠዋል ጋሼ? ስልክ ምን ጀርባ አለው?

ሃናም ክብሮምም የነጋዴ ጥበብ መስሏቸው እሺ አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ክብሮም ከቤቴል ላፕቶፑን ይዞ መጣና ቁጥሩን አሳየኝ። የመጀመሪያው ዘፈን አርባ ሺህ ጊዜ ተሰምቷል፤ ሁለተኛው ግማሹን እንኳ አላገኘም፤ እንዲህ እያለ እየወረደ ሰባተኛው ዘጠኝ መቶ ላይ ቆሟል። «እትዬ፣ ለመሆኑ ሰባተኛ ያደረጉት ለምንድን ነው?» አለኝ። የመገልበጡን ነገር ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው በሳቅ ሞተ። ካሴት በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ሃና ግን አልሳቀችም።

ሁለተኛው ነገር ዘፈኑ መግቢያ ላይ የመቱት ክራር ነው። ከእነዚያ ዘጠኝ መቶዎች አብዛኞቹ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትተው ሄደዋል፤ ማሽኑ ይህንንም ይቆጥራል። የልጅቷ ድምፅ የሚገባው ከሁለት ደቂቃ ክራር በኋላ ነው። ክብሮም ዘፈኑን ለብቻው እንደገና እንልቀቀው፣ ክራሩ ግን አሥር ሰከንድ ይሁን ይላል። ሃና እንደ ነብር ተቆጣች። «አባዬ ከደምበጫ ድረስ መጥቶ፣ በታክሲ ተጋፍቶ፣ ጣቱ እስኪፈታለት ሲመታ የዋለውን ቆርጬ ልጣል?» አለች። «አንጥለውም፣ ሙሉው አልበሙ ውስጥ ይኖራል» ቢላት፣ «ማንም የማይደርስበት ቦታ?» ብላ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ።

ክብሮም ክፉ ልጅ አይደለም። ዘመኑ እንዲህ ነው። ዱሮ ሰው አንድ ካሴት ገዝቶ ወር ሙሉ ያንኑ ይሰማ ነበር። የማይወደውን ዘፈን እንኳ ማሳለፉ ጣጣ ስለሆነ እየሰማው፣ እየሰማው፣ በመጨረሻ ይወደው ነበር። አሁን ጣት ይፈርዳል፣ ያውም ችኩል ጣት። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ሲዲው ሲሞት በአንድ ፍላሽ ሦስት መቶ ዘፈን እየጫንኩ ለታክሲ ሾፌሮች ስሸጥ ኖሬያለሁ። አልበምን ከበታተኑት እጆች አንዱ የእኔ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ በዱሮው መንገድ ልፈትነው ብዬ ትልቁን ስፒከር በሩ ላይ አውጥቼ ዘፈኑን ከነሙሉ ክራሩ ለቀቅኩት። ወንበር ይዤ የሚቆመውንና የሚያልፈውን መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ልጃገረዶች ዘወር ብለውም ሳያዩ አለፉ። አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ማዘር፣ ዘፋኟ ገና ታክሲ እየጠበቀች ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ቀጥሎ ከአጠና ተራ የመጣ አንድ ሸምገል ያለ ሰው፣ አምስት ረጃጅም አጠና በትከሻው እንደተሸከመ ሱቄ በር ላይ ቀጥ አለ። እንጨቱ መንገዱን ዘግቶ ሰው ይሰድበዋል፤ እሱ አይሰማም። ሃና ገና ሳትጀምር ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ይሄን የሚመታው ሰው ሚስቱ ሞታበታለች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እሷ ዘፍና እስክትጨርስ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ሰማና ሄደ።

አንድ ሰው ነው ጋሼ። አንድ ሰው ገበያ እንደማይሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ደብተሬ ላይ ስጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ማታ ለሃና ስነግራት፣ «አባዬ ራሱ ይወስን» አለች። ለክብሮምም ደውላ ይህንኑ ነገረችው።

ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ስፒከርና ፍላሽ ልኬልዎታለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ሙሉው ነው፤ ሁለተኛው የተቆረጠው። ይታይሽ ትክፈትልዎ። እንደ ነጋዴ ከጠየቁኝ ይቆረጥ እላለሁ፤ የሃናን እናት ታሪክ ብዙ ሺህ ሰው ሊሰማው ይችላል። አቆራረጡም ደህና ነው፤ የሚያመው ሙሉውን የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። እንደ እህት ከጠየቁኝ ግን አይቆረጥ እላለሁ። በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት መልስ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ሰው ወደደው ወይ ላሉኝ፣ የደረሰበት ሰው ወዶታል። እንዳይደርስበት ያደረግኩት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሾፌር እሑድ ይመለሳል፤ ይቆረጥ ወይም አይቆረጥ ብለው አንዲት ቃል ጽፈው ይስጡት። ሃና እንዳታዝን ብለው ሙሉው ይሁን እንዳይሉ፤ ልጄ እንድትታወቅ ብለውም ይቆረጥ እንዳይሉ። የእናቷ ባል እርስዎ ነበሩ። ስለ እሷ መናገር ከመጀመር በፊት ምን ያህል ዝም ማለት እንደሚያስፈልግ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለግሩም በርታ፣ ሸክሙን ሁሉ ለአባትህ አትተው ይበሉልኝ። ለይታይሽ የላከችልኝ ማር እስከ ዛሬ እየተቆጠበ መሆኑን ይንገሩልኝ። ሉሲን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ሃና ጉልበትዎን ትስማለች፤ አብደላም ሰላምታው ይድረስልኝ ብሏል። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

እህትዎ ወለተጻድቅ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.