ሁለቱ ነጥቦች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ምግብ እየበላሽ ነው ወይስ አሁንም ሳህኑን ገፋ አድርገሽ መስኮት መስኮቱን ታያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጨጓራዬ እንደ ወትሮው ይነጫነጫል፤ አሸንዳው አሁንም ያፈሳል፤ በቆሎው ታጭዶ ስላለቀ ከወጥ ቤቴ መስኮት እስከ ኮሌጁ ድረስ ያለው ሜዳ ባዶውን ቀርቷል። ድመትሽ ወፍራለች። ሦስት ወር ሙሉ አብልቻት እንኳ እኔን የምታየኝ እንደ ተከራይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከምሳ በኋላ የምታነብልሽ አስታማሚሽ ጆሊን ናት። ጆሊንዬ፣ መሃል ላይ የሚያስከፋ ነገር ብታገኚ እባክሽ አትዝለዪው። በአፌ ልነግራት ሦስት ጊዜ መጥቼ አቅቶኝ ተመልሻለሁ።

እህቴ፣ ልነግርሽ የፈለግሁት ስላለፈው ዓመት ኮንሰርቶች ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዓመት አራት እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮሌጁ ትንሽ አዳራሽ ስንቀመጥ ኖረናል። አንቺ ፒያኖ፣ ማሪቤል ቫዮሊን፣ ዌንደል ቼሎ። ዌንደል በሳምንቱ ቀናት እዚያው ብየዳ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ ግን እጁን በሎሚ ፈትጎ፣ ክራቫት አስሮ ሲመጣ ሌላ ሰው ይመስላል። ካፖርታችንን የምንሰቅለው ነርሶቹ የሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ከተጋደሙት የፕላስቲክ በሽተኞች አጠገብ ነበር። አንቺ በየጊዜው "ጤና ይስጥልኝ፣ ተሻላችሁ?" ትያቸው ነበር።

እኔ ደግሞ በግራሽ በኩል፣ ከአንቺ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በእንጨት ወንበር ላይ ነኝ። ገጽ እገልጣለሁ። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ሁለት እጁም ሥራ ላይ ስለሆነ የሙዚቃውን ወረቀት የሚገልጥለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሽቶ አትቀቢ፣ አምባር አታድርጊ፣ ጣትሽን በምራቅ አታርሺ፣ ሲጨበጨብ አብረሽን አትነሺ። አንገቴን ስነቀንቅ ወደፊት ግለጪ፤ አገጬን ወደ ግራ ቀና ሳደርግ ወደ ኋላ መልሺ። አንቺ ዓይን እንጂ ጆሮ የለሽም፣ ስለ ሙዚቃው አታስቢ፣ አልሽኝ። እኔም አላሰብኩም።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ ከመጀመሪያው ድገሙት ማለት ናቸው። አንድ ጊዜ ተመልሶ ይደገማል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ነጥቦቹ ጋ ሲደረስ ታልፈው ወደፊት ይኬዳል። ይህን ፒያኖ የጀመረ ሕፃን ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ነጥቦቹ ጋ ደረስሽና አገጭሽን ወደ ግራ ቀና አደረግሽ። እኔ ግራ ገባኝ፤ እጄ ግን አንቺን ለምዷል፣ አምስት ገጽ ወደ ኋላ መለስኩ። የማሪቤል ቀስት አየር ላይ ትንሽ ቆመና ቦታውን አገኘ። ዌንደል ቀና ብሎ አንቺን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ተከተለሽ። ሰዉ አላወቀም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚያንቀላፉት ሚስተር ሊንድግረን ትንሽ ተጨማሪ እንቅልፍ አገኙ፣ ያ ነው የሆነው።

ካፖርቴን ስወስድ ዌንደል ጠጋ ብሎ "እህትሽ ዛሬ ሙዚቃውን አብዝታ ወደደችው ልበል?" አለኝ። "አዎ፣ ወዳዋለች" አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ከሚገባው በላይ ሁለት ጊዜ መለስሽን። የዚያን ዕለት አንቺ እንደ ሁልጊዜው ለእንግዶቹ ኬክ እየቆረስሽ ስታመሰግኛቸው እኛ ሦስታችን ከፕላስቲክ በሽተኞቹ መሃል ቆመን ተማከርን። ማሪቤል አለቀሰች። "ፒያኖውን ከወሰድንባት ምን ይቀራታል?" አለች። ዌንደል "እኔ እንደሆነ ብረት ነው የማስተምረው፣ ሰዓቱ አያስቸኩለኝም፤ መቶ ጊዜ ብትመልሰን መቶ ጊዜ እንመለስ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ገጹ ግን ያንቺ ነው፤ አንቺ ካልመለስሽላት እኛ ዋጋ የለንም" አለኝ። እሺ አልኩ። ቃል ገባሁ።

አሁን መጋቢትን ልንገርሽ። ያን እሁድ ጠዋት አዲሷ የኮሌጁ ኃላፊ የፕሮግራሙን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ የእኔም ስም ቢጻፍ ምን ይመስልሻል ብላ ጠየቀችሽ። አንቺም ሳቅ ብለሽ "ገጽ ለመግለጥ ስም ምን ያደርጋል? እጅ ይበቃል" አልሻት። ለቀልድ ነው ያልሽው፤ አውቃለሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቃሉ ግን ሆዴ ገባ። አምስት ወር ሙሉ ማን ማንን ደግፎ እንደያዘ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ እጅ ትይኛለሽ።

ከሰዓት በኋላ ነጥቦቹ ጋ ደረስሽ፤ ሁለተኛሽ ነው። አገጭሽን ወደ ግራ ቀና አደረግሽ። እኔም ተነሳሁ፣ የገጹን ጫፍ ያዝኩ፣ ወደፊት ገለጥኩት።

ሁሉም ሰው ተሳስታ ነው አለ። ተሳስቼ አይደለም።

ቀኝ እጅሽ የድሮውን ገጽ እየተጫወተ ነበር፣ ዓይንሽ አዲሱን ያያል። ግራ እጅሽ ቦታው ጠፋበት። አቆምሽ። የብየዳው ክፍል አየር ማስወጫ ሲያጉረመርም ብቻ ይሰማ ነበር። ዌንደል ቼሎውን እንዳቀፈ ወደ ሰዉ ዞሮ "ይቅርታ፣ ገጽ ገላጫችን ኬኩ ሸቷት ቸኩላለች" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ጥፋተኛ ሆኜ ተነስቼ እጅ ነሳሁ፣ አጨበጨቡልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨበጨበልኝ፤ ደስ አለኝ፣ እህቴ። ይህንንም እወቂው።

ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። የባቡር ሐዲዱ ጋ ስንደርስ መዝጊያው ወርዶ እህል የጫነው ባቡር ማለፍ ጀመረ። አንቺ እጄን ዳሰስ አድርገሽ "አይዞሽ፣ ሁለት ገጽ ተጣብቆብሽ ነው" አልሽኝ። "ዓይንሽን ግን ለሐኪም አሳዪው፣ እያረጀሽ ነው እኮ። ለግንቦቱ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፤ አንቺም አንዴ እንኳ ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ አዳምጪን።" እንዲህ ስትዪ ድምፅሽ ውስጥ ቂም አልነበረም። የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

ምላሴን በቆረጠው። ሁሉንም አፈረጥኩት። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ስንሽከረከር እንደከረምን፣ ዌንደልና ማሪቤል ዓይን ዓይንሽን እያዩ እንደሚከተሉሽ፣ የተጣበቀ ገጽ እንዳልነበረ፣ ሁሉንም። አንቺ ባቡሩን አየሽ። ከዚያ "ሌላ ማን ያውቃል?" አልሽኝ።

"ሁሉም ሰው ያውቃል፤ አዳራሹ ሙሉ" አልኩሽ።

ውሸቴን ነው። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ ነፍስ አልነበረም። አንቺ ግን አመንሽኝ። ዞር ብለሽ እንደ ልጅ አየሽኝና "ታዲያ ለምን ይመጣሉ?" አልሽኝ።

"ለኬኩ" አልኩሽ።

መዝጊያው ተነሳ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፣ ሄድን። ቤትሽ በር ላይ ስትወርጂ አመሰግናለሁ አልሽኝ። በማግስቱ ኮሌጁ ደውለሽ በቃኝ አልሽ። ማክሰኞ ስመጣ የፒያኖውን ክዳን ዘግተሽ የአበባ ማሰሮዎችሽን ላዩ ላይ ደርድረሻቸው ነበር። አንድም ቀን አላነሳሻቸውም። ዌንደል ሁለት ጊዜ፣ ማሪቤል አራት ጊዜ መጥተው ለመኑሽ፤ ፈገግ ብለሽ ኬክ ቆርሰሽ ሰጠሻቸው። ኬክ ስትቆርሺ ባየሁሽ ቁጥር ምን እንደሚሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያልኩሽን ነገር ለማናቸውም አልነገርኩም።

የግንቦቱን ኮንሰርት የተጫወተችው ከዋና ከተማው የመጣች ወጣት ናት። ወረቀት የላትም። ታብሌት ትከፍታለች፣ በእግሯ አንድ ነገር ጫን ስታደርግ ገጹ ራሱ ይገለጣል። እኔ እንዳልሽው ከሰው ጋር ተቀምጬ ላዳምጥ ሞከርኩ፤ ግን ማዳመጥ አላውቅበትም፤ የሰማሁት ነገር ቢኖር ገጹ መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው። ሰዉ አሥራ ሁለት ነበር። ኬኩ እንዳለ ተረፈ። ሚስተር ሊንድግረን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሲወጡ ክንዴን ይዘው "እህትሽን አመማት እንዴ? እኔ እኮ ለእሷ ነው የምመጣው" አሉኝ። "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ግን ቶሎ ትጨርሰዋለች። የእህትሽ ዘንድሮ ረዘም ረዘም ይል ነበር፣ ደስ ይል ነበር።" ምን ልበላቸው? እነግራታለሁ አልኳቸው። አልነገርኩሽም።

ሰኔ ላይ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ረስተሽ አቃጠልሽ፣ ነሐሴ ላይ አሁን ያለሽበት መጦሪያ ቤት ገባሽ። ሐኪሙ በሽታው መምጣቱ አይቀርም ነበር ይላል። ዌንደልም እንዲሁ ይላል፣ ሊያጽናናኝ። ይሁን። ግንቦትን ግን ትጫወቺ ነበር። ምናልባት ጥቅምትንም። ዌንደል መቶ ጊዜ እንመለስ ብሎ ነበር እኮ፤ ገጹም በእኔ እጅ ነበር። አሁን ለማንም የሚሆን ነገር የለም። አዳራሹን ለነርሶቹ ሰጥተውታል፤ አሥር አዲስ አልጋ አስገብተውበታል። የዚህ ዓመት ፕሮግራም አልታተመም፤ የጠየቀም ሰው አልሰማሁም። ማሪቤል ልጇ ጋ ለመኖር ሄዳለች። ዌንደልን ባለፈው ገበያ ውስጥ አገኘሁት፤ ቼሎውን ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ከአልጋው ሥር አስገብቶታል።

ባለፈው ዓርብ ይቅርታ ልጠይቅሽ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ሳሎኑ ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ፤ ወንበር ስቤ ሳላስበው በግራሽ በኩል ተቀመጥኩ። አየት አደረግሽኝና እንደ እንግዳ ሰው በጨዋ ደንብ "ሙዚቃ ይወዳሉ?" አልሽኝ። ትንሽ ትንሽ አልኩሽ። "እኔ ፒያኖ እጫወት ነበር" አልሽ፤ "ገጽ የምትገልጥልኝ እህቴ ናት። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።"

አሁን የት ናት ብዬ ጠየቅሁሽ።

"ተቀይማኛለች መሰለኝ፣ አትመጣም" አልሽኝ። "የሆነ ነገር ሳላደርጋት አልቀረሁም፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋኝ።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ "ካገኟት ይቅር በዪኝ ብላለች ይበሉልኝ" አልሽኝ።

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩሽ። ካፖርቴን ይዤ ወጣሁ።

እህት ዓለም፣ ቀኑን ያቅልልሽ። እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። የሚያጎርሱሽን እጆች አምላክ ይባርክልሽ።

ማክሰኞ ማክሰኞና ዓርብ ዓርብ የምትመጣው

እህትሽ