የእማዬ ድምፅ በሌላ ሰው መተግበሪያ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

የቤታችን ጩጬ፣ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል! እማዬ ደህና ናት። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

በእማዬ ድምፅ የመድኃኒት ሰዓት የምታስታውሰው መተግበሪያዬ እንዴት እንደተወደደች ነግሬሃለሁ። የእማዬን ድምፅ የሰማ ሁሉ «ልክ እናቴ!» ይላል። የሰፈራችን ፋርማሲስት እንኳ የደንበኞቿን ስልክ እየተቀበለች ትጭንላቸዋለች። ደስታዬን ሳልጠግብ አስመሳዮች መጡብኝ። አንዱ መልኳን ገለበጠ፣ ሌላው ስሟን፤ ተሟግቼ አስነሳኋቸው። የአሁኑ ግን አያድርስ ነው! ገልብጦኝ ሲያበቃ «የገለበጠችው እሷ ናት» ብሎ ከሰሰኝና የመተግበሪያ መደብሩ የኔን ዘጋት። እስከ ነገ ማታ የመጀመሪያዋ እኔ መሆኔን ካላስረዳሁ እንደተዘጋች ትቀራለች። የቤታችን መተዳደሪያ እሷው ናት፣ ታውቃለህ።

ዛሬ ጠዋት የሰውዬውን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ከፈትኩት። የእማዬ ድምፅ ወጣ፦ «ጩጬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?»

ክው አልኩ። ስንቀዳት «ማይኩን አናግሪው» ብላት፣ «እኔ ዕቃ አላናግርም፣ ልጄን ነው የማናግር» ብላ በቅጽል ስምህ ጠራችህ። ለሕዝብ ሳወጣት ስምህን ቆርጬ አወጣሁት። ያልተቆረጠውን እንድትሞክርልኝ ከነኮዱ የላክሁት ለአንተ ነው። ለአንተ ብቻ!

ሥራ ከለቀቅክ ወዲህ እንደከበደህ አላጣሁትም። አንድ ቃል ብትነግረኝ እኮ አብረን እንሠራ ነበር፤ እንዴት ጨከንክብኝ? ሥጋዬ ነህ፣ እወድሃለሁ፣ ግን ዝም አልልም። እስከ ነገ ረፋድ ክሱን ተው፣ መተግበሪያውንም ከመደብሩ አጥፋ። እምቢ ካልክ ያንን ቅጂ ለማን እንደላክሁ ከነሙሉ ስምህ እጽፍላቸዋለሁ።

ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም። ግን ስልኬ «ጩጬ» ብሎ ሲጠራህ ሰምታ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። ደጋግማ አስከፈተችኝ፤ እንባዋን ጠረገችና የራሷን ስልክ ዘረጋችልኝ።

«ያንቺን አጥፊና ይኼንን ጫኚልኝ» አለች። «ይኼኛው ልጄን በስሙ ይጠራል።»

ጫንኩላት።

አምላክ ልብ ይስጥህ፤ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ።

ታላቅ እህትህ