የሽምግልናው ወረቀት

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8፣ ጠዋት 2፡30

ዛሬም ጉምሩክ ቢሮ ኮሪደር ላይ። የትራንዚተርነት ፈቃዴ ከታገደ አራተኛ ወሩ። ዘበኛው ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወንበር ያሳየኛል፤ ቤተኛ ሆኛለሁ። የይግባኝ ኮሚቴው ዛሬ ይሰማሃል ተብያለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ተብዬ ነበር።

ነገሩን ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ፤ እኔ ግን እየተምታታብኝ ነው፣ ልድገመው። አስመጪው ዕቃው ሰልባጅ ነው ብሎ ዝርዝር ሰጠኝ። አምኜ ዲክላራሲዮኑን፣ የጉምሩክ መግለጫውን፣ ሞላሁ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት አዲስ ጎማ። ፊርማው የኔ፣ እገዳውም የኔ።

እዚያው ቀን፣ 7 ሰዓት

ተሰማሁ። ጠበቃዬ ሆዳን ጥሩ ተናገረች። ከዚያ የጉምሩኩ ሰው አንድ ወረቀት መዘዘ። የሽምግልናችንን ወረቀት!

እገዳው በወጣ ሰሞን አስመጪውን በዋሄን ገበያ መሐል ሌባ ብዬው፣ ዘመድ ከዘመድ ሊጋጭ ሲል ሽማግሌ ገባ። የዳኘን አብቲ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ማንም አንገቱን ደፍቶ እንዳይሄድ፣ እንደ ወጉ ጥፋቱን ለሁለት ከፈለው። «እኔም አጥፍቻለሁ» የሚል መስመር ገባ። ለሰላም ብዬ ፈረምኩ። በዕርቅ ቀን ቃል ለቃል ማን ይከራከራል?

ያ መስመር ዛሬ የእምነት ቃል ሆኖ ተነበበ። ይግባኙ ውድቅ። ወደ ቤት በእግሬ።

ማክ.፣ ኖቬ. 11

ሆዳን ቢሮ። የቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ አቤቱታው እስከ እሑድ ካልገባ ፈቃዱ ጭራሽ ይሰረዛል። ሌላ ሥራ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስተምረኛል?

አንድ መንገድ አለ ትላለች። መስመሩ ለዕርቅ ተብሎ እንጂ እውነት ሆኖ እንዳልተጻፈ አብቲ ይመስክር። ደነገጥኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ሲለምን የኖረ ሽማግሌ፣ ገብቶ ያጻፍኩት እውነት አይደለም ይበል? ከዚያ በኋላ ጠቡን ይዞለት የሚመጣ ማን ነው? ሆዳን እሱን አንተ ታውቃለህ አለች። ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 12፣ ከአስር ሶላት በኋላ

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አብቲ ቤት። ነገርኩት። ጉልበቱን እያሸ ሰማኝ። «ወላሂ፣ መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንተማ እምቢ ብለህ ነበር።» ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ። እሺም እምቢም የለም። ስወጣ በራሴ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 13

ወሬው ወጥቷል። እኔ ለሚስቴ፣ እሷ ለእህቷ፣ በቃ። በቦታ የተጣሉ ሁለት የአያሃ ሰፈር ቤተሰቦች ጉዳያቸውን ከአብቲ ነጥቀው ለሌላ ሽማግሌ ሰጡ አሉ። ገና አፉን ሳይከፍት!

ወስኛለሁ። ነገ ጁምዓ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ሆዳንን አብቲን ተዪው እላታለሁ። ፈቃዱ ይቅር። ይህን ስጽፍ ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 15

ሄድኩ። አብቲ ቀድሞኛል። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቃሉን ይሰጣል፤ ሆዳን ትጽፋለች። አፌን ስከፍት «ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ፣ አታቋርጠኝ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ላንተ አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ኀፍረቱ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ሲመጣም ከወንበሬ አላስነሳኝም። መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ነበር። ተውኩት።

ሆዳን አንብባለት ብዕር ሰጠችው። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት እኔው ያዝኩለት።