ወይዘሮዋ ራሷ እስክትቆም

ይድረስ ለማትጠገቢው እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የአባባ ትንፋሽ እንዴት ሆነ? የእማዬ ወገብ ተሻለው? ባልሽስ፣ ያ ጯሂ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከእናንተ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ሐሳቡ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከአባባ ልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አብጧል፣ ሳይፈነዳ መጠገን አለበት ብለው ሐኪሞቹ ነግረዋችኋል። ወይ ደረታቸው ተከፍቶ፣ ወይ በብሽሽታቸው በኩል ቱቦ ገብቶ። አንቺም "በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ በብሽሽት ይሁን በለንና እንፈርም" ብለሽ ጽፈሻል። አባባም "ልጄ ያየውን ይንገረኝ" ብለዋል አሉ። ምነው ሚጣዬ፣ ይህን የሚያህል ሸክም በእኔ ላይ? እኔ እኮ የበግ አስታማሚ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

ያየሁትን ግን ልንገርሽ። እዚህ ምርምር ጣቢያ ዶክተሮቹ በበጎች ላይ አዲስ ዓይነት ጥገና ይሞክራሉ። በጓ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ብሽሽቷን እኔ እላጫለሁ፤ እነሱ በትንሽ ቀዳዳ ጨርቅ የለበሰ የሽቦ ቱቦ አስገብተው፣ በራጅ እያዩ ወደ ላይ ይገፉትና ከትልቁ ሥር ውስጥ ይዘረጉታል። ደረት አይከፈትም፣ አጥንት አይቆረጥም። ሲያዩት ተአምር ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ቱቦው ትልቁን ሥር ከውስጥ ሲሸፍን ለጀርባ ደም የሚያደርሱትን ትንንሽ ሥሮችም ሊዘጋ ይችላል። ያኔ የኋላ እግር ይከዳል። ባለፈው አንድ ሙክት በደንብ ነቅቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እግሮቹ ግን እምቢ አሉት። እንዳይሰቃይ አሳረፉት።

ትናንት ተራው የወይዘሮዋ ነበር። ወይዘሮ ያልኳት ስትራመድ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እሷ ሳትጠግብ ሌላ በግ ገንዳው አጠገብ ስለማታስደርስ ነው፤ አክስታችንን ቁርጥ። ጠዋት ተሠራላት፣ ነቃች። በግ ደግሞ ስትነሣ ከኋላ ነው የምትጀምረው፤ በፊት ጉልበቷ ተንበርክካ የኋላ እግሮቿን ታቆማለች። ስለዚህ እግሯ መሥራት አለመሥራቱ እንዲታወቅ እዚህ ሕግ አለ፦ ከነቃች በኋላ ማንም አይነካትም። ከጋጣው ውጭ ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

ሞከረች፣ ዳሌዋ ተንቀጥቅጦ ወደቀች። ደግማ ሞከረች፣ ወደቀች። አንጀቴን በላችው። ጠባዬን ታውቂው የለ? ጋጣውን ከፍቼ ገባሁና እጄን ከሆዷ ሥር ከትቼ ብድግ አደረግኋት። ቆመች። "ቆመች!" ብዬ ጮህኩ እኮ፣ እንደ ጅል።

የእንስሳት ሐኪሟ ቁጡ ሴት አይደለችም። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"እሷ አልቆመችም፤ አንተ ነህ ያቆምካት" አለችኝ።

ውጣ ተባልኩ፣ ወጣሁ። በጓን መልሰው አስተኟት፣ መጠበቁም እንደ አዲስ ተጀመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ፊቴ በሀፍረት ጋለ። እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ ለምን እንዳነሣኋት ያወቅሁት ያኔ ውጭ ቆሜ ነው። "ቆማለች፣ ፈርሙ" ብዬ ልጽፍልሽ ስለፈለግሁ ነው። የአባባ ነገር አስፈራኝ፣ ሚጣዬ። በጣም አስፈራኝ።

ከሰዓቱን በሙሉ ጠበቅን። የሥራ መውጫ ሲደርስ ወይዘሮዋ ተንበረከከች። የግራ እግሯን ተከለች፤ ቀኙ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ከዚያ እሱም ተከተለ። ራሷ ቆመች። ዛሬ ጠዋት ግን ቀኙን ትንሽ ትጎትታለች፤ ይስተካከል አይስተካከል ገና አልታወቀም። ምስኪን፣ ቢስተካከልም ኋላ ቱቦው እንዴት እንደያዘ የሚታየው እሷ ተሠውታ ነው። እሱም አለ በዚህ ሥራ።

እንግዲህ ያየሁት ይህ ነው፤ አንዱ አልቆመም፣ አንዷ ቆማለች። ለአባባ የሚገባላቸው ቱቦ እንደኛው አዲስ ሳይሆን በብዙ ሰው ላይ የተሠራበት ነው፣ ደረት መክፈትም የራሱ ጣጣ አለው። የእግሩ ስጋት ግን በሁለቱም አለ። በእኔ ቃል እንዳትፈርሚ። ይህን ደብዳቤ ሳትዘይ ሳትቀንሺ አንብቢላቸውና ሐኪማቸውን "ለጀርባቸው ደም እንዳይቋረጥ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው ራሳቸው ይጠይቁ። የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ አባባን በወሬ ደግፌ ላቆማቸው አልችልም።

ሲነቁም ማንም ሰው እግራቸውን እንዳያነሣላቸው፤ አንቺም፣ እማዬም። ስትደውዪልኝ "ደህና ናቸው" አትበዪኝ። የትኛውን እግራቸውን ራሳቸው እንዳንቀሳቀሱ ንገሪኝ።

ለእማዬ፣ ወገቧን ትጠብቅ፣ ውሃ መሸከሙን ለባልሽ ትተውለት በዪልኝ። ባልሽንም ለዚሁ ሰላም በዪው። ጯሂውን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስታችንን ሰላም በያት፣ የበጓን ነገር ግን እንዳትነግሪያት። ለአባባ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ደግመሽ ሳሚልኝና ተሰማዎት ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ወንድምሽ

ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ ካለችው ክፍል፣
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን