ከኳሱ የቀደመ ድምፅ

ውድ ዊልመት፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጅህ ቻንዳኒና ልጆቿስ? ባለቤቴ ሊላዋቲ ደህና ናት። ጃንጥላህን ረስተህ ስለሄድክ ባየችው ቁጥር ስምህን ታነሳለች። እኔ ግን የምጽፍልህ ለጃንጥላው አይደለም። ከዋንጫው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ጀምሮ ስጠረጥርህ ቆይቻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን የክሪኬት ጨዋታ ነው፤ አንተም እንደየዓመቱ የዳኛ ነጭ ካፖርትህን ለብሰህ ልትዳኝ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ጠባዬን ታውቀዋለህ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ወንበርህ ነው። የአገሮቹ የአንድ ቀን የክሪኬት ዋንጫ በመጣ ቁጥር እኛ ሳሎን ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የአገራችን ልጆች በደህና እየመቱ ሳለ ከመቀመጫው ተነስቶ ገዳችንን የሚያበላሽ ሰው የሚመጣበትን ያውቃል። ሊላዋቲን ሽንኩርቷ ምድጃ ላይ እያረረ፣ "ተቀመጪ! መቺያችንን ከጨዋታ ልታስወጪው ነው?" ብለህ ያስቀመጥካት አንተ ነህ። ያው ሰው ዘንድሮ በግማሽ ፍጻሜው መስኮቱ ሥር ያለ ወንበሩን ትቶ ከጥግ ተወሸቀ። ቀኝ እጁንም ከጆሮው ላይ አላነሳ አለ።

"ጥርሴን አሞኝ ነው" አልከኝ።

"ጥርስህ ያለው ጆሮህ ውስጥ ነው?" ስልህ ሁሉም ሳቀ። አንተ አልሳቅክም።

ከእጅህ ሥር ቀጭን ጥቁር ሽቦ ወደ ሸሚዝህ ኪስ ሲወርድ አይቻለሁ። መምህር የሚኮርጅ ተማሪ ሲያይ ወዲያው አይጮህም፤ ከምን እንደሚኮርጅ እስኪያውቅ ይጠብቃል።

ከዚያ ያ ኳስ መጣ። ግራኙ መቺያችን ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ የህንዱ ወርዋሪ ገና መንደርደር አልጀመረም። አንተ ለራስህ በሚመስል ድምፅ፣ "አይ፣ ሄደ በቃ" አልክ። ወርዋሪው ተንደረደረ፣ ኳሱን ለቀቀው፣ ከመቺው ኋላ የተተከሉት ሦስቱ እንጨቶች ተበታተኑ፤ ልጁ ከጨዋታ ወጣ። ቤቱ በዋይታ ሲሞላ እኔ የማየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን አንተን ነበር።

ያን ቀን እንደምንም አሸንፈን ወጣን። አብሮን ሲያይ የነበረው ባለባጃጁ ናሊን ግን በር ላይ ጠበቀኝ።

"መምህር፣ ሰምተዋል አይደል? አጎት ዊልመት ከቁማርተኞቹ ጋር ነው። ጨዋታው ተሽጧል፤ ውጤቱን በጆሮው ያቀብሉታል።"

"አፍህን ሰብስብ! በዚህ ከተማ እንደሱ ያለ ሐቀኛ ዳኛ የለም።"

"እሱ ነዋ የሚያስፈራው። የልጆቻችንንም ጨዋታ ይሸጠው ይሆናል።"

ተቆጣሁት። ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አድሬም ጠረጠርኩህ።

በፍጻሜው ዕለት የናሊንን ትንሽ ሬዲዮ ተውሼ፣ "ሙቀቱ አላስቀመጠኝም" ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ ማለት ነው፤ ሊላዋቲ እንዴት እንዳየችኝ አትጠይቀኝ። ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቴሌቪዥኑን በመስኮት አየሁ። ሬዲዮው "ስድስት ነጥብ! ከሜዳ ወጣች!" ብሎ ሲጮህ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የፓኪስታኑ ወርዋሪ ገና ኳሱን በሱሪው ያሻሽ ነበር። ለካ ጣሪያችን ላይ ባለው የሳተላይት ሳህን የሚመጣው ምስል ይዘገያል፤ ሬዲዮው ቀድሞ ይደርሳል። ናሊንን ጠርቼ አሰማሁት።

"አየህ አንተ ሞኝ? ቁማርተኛ ሳይሆን ሬዲዮ ነው የሚሰማው።"

"እሺ መምህር። ታዲያ ቴሌቪዥን ፊቱ ተገትሮ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል?"

"ምን አገባህ!" አልኩት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከመጀመሪያው ጥርጣሬ ይልቅ ይኸኛው ከበደኝ።

ከዚያ ሜዳው ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሬዲዮው ሜዳው በሸራ መሸፈኑን ተናገረ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ግን እንደ ልማዱ ጨዋታው እስኪቀጥል የድሮ ጨዋታ ለቀቀ፤ በጎልማሳነታችን እየጮህን ያየነውን፣ ያ ጺማሙ መቺ ኳሷን ከሜዳ ውጭ የሰደደበትን። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንተ ግን ግራ ገብቶህ፣ "ምን ያስጨበጭባችኋል? ሜዳው በሸራ ተሸፍኖ የለም እንዴ?" አልክ።

ሁሉም የቀለድክ መስሏቸው ሳቁ። አንተም ዘግይተህ ሳቅክ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ጺም አንተ ከሩቅ ታውቀው ነበር።

ያለፉት ቀናት አንድ በአንድ መጡብኝ። ሊላዋቲ የሽምብራ ንፍሮ ስታቀብልህ እጅህ ከሳህኑ ጎን አየር ጨብጦ ነበር። "ይሄ ወርዋሪ ግራኝ ነው እንዴ?" ብዬ ስጠይቅህ፣ "ምነው፣ ልጄን ልድርለት ነው?" ብለህ አሳቅኸን። መልሱን ግን አልሰጠኸኝም።

ዋንጫውን ተሸነፍን፤ ሁሉም ከወንበሬ በመነሳቴ አመካኙ። በማግስቱ ናሊን፣ "አጎቴ፣ የቅዳሜውስ ውጤት ደረሰዎት?" ብሎ ሲተናኮልህ ጃንጥላህን እንኳ ሳታነሳ ወደ ቻንዳኒ ቤት ሄድክ። ኪስህ ውስጥ ያለውን ሬዲዮ አውጥተህ ብታሳየው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላሳየኸውም። ቁማርተኛ መባሉን መረጥክ።

ዊልመት፣ የቅዳሜው ኳስ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ዳኛው የሚቆመው የተመታ ኳስ በሚመለስበት መስመር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀድሞ የሚነግርህ ሬዲዮ የለም። ይህንንም ልተወው። አንተ ጣትህን ስታነሳ ልጁ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣው ያየኸው ስለሚመስለው ነው።

ይህን ደብዳቤ ፊደሌን እንደ ወትሮው አድቅቄ ነው የጻፍኩት። አውቄ ነው። ያደረሰልህ ናሊን መልስ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ በር ላይ ቆሟል፤ ማን እንዳነበበው ሊያይ ነው ብለህ ከጠረጠርክ ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

ራስህ ካነበብከው ቅዳሜ ና። በሰው ሁሉ ፊት ስደበኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ።

አሁን የምትሰማው የቻንዳኒን ድምፅ ከሆነ ግን ምንም አትናገር። ነጩን ካፖርት አጥፋችሁ ለናሊን ስጡት። ለርዕሰ መምህሩ ጉልበቱን አሞታል እላለሁ፤ ከጥርስ የተሻለ ሰበብ ነው። አንቺም ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት አባትሽን ይዘሽው ነይ፤ የዓይን ሐኪም ቤት አብረን እንወስደዋለን።

ወንበርህ መስኮቱ ሥር ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ለሚመጣው ዋንጫ ሬዲዮህን ይዘህ ና፣ ሽቦውን ግን እዚያው ተወው። ድምፁን ከፍ አድርገን ሁላችንም አብረንህ ቀድመን እንሰማለን።

የማይተውህ ጓደኛህ፣
ሱማናዳሳ