ለባለ ብስክሌቱ የተቀመጠ ቆሎ

ጠይባዬ፣ ፈቃድ ወጥቼ ስዞር የብስክሌቴ ሰንሰለት የወለቀው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በገብስ ማሳ መሀል በሚያልፈው የጠጠር መንገድ ቁልቁለት ላይ ነው። አባ አድማሴ የሚባሉ ገበሬ አህያቸውን አቁመው እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ፤ ሌላ እፍኝ ደግሞ መንገድ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጡ።

«ይሄስ?»

«ለባለ ብስክሌቱ። ከኋላ እየመጣ አይደል?»

«ባለ ብስክሌቱ እኔ ነኝ!» አልኳቸውና ሰንሰለቱን መለስኩት።

«አጃኢብ! በይ የሱንም አንቺው ቆርጥሚው» ብለው ሳቁ።

ደሴ ያለው አለቃዬ ግን የመስክ ሥራዬን ለወንድ የሰጠው «ጠጠር መንገድ ለሴት አይሆንም» ብሎ ነው። እሱ ከአስፋልት ወርዶ አያውቅም።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ሰኞ ቢሮው ገብቼ እነግረዋለሁ፦ ድርሻዬ ለወንድ እንዲቀመጥ ከእንግዲህ አልፈቅድም።

የትምወርቅ