ከቤተ ሙከራው ጀርባ የወረደው በረዶ

ሰኞ

ዛሬም አቃጠሉት! ክፍለ ጊዜዬ መሃል ላይ ጭሱ በመስኮት ገባ። ፌስታል፣ የተሰበረ ወንበር፣ የዘይት ጀሪካን፤ የትምህርት ቤቱ ቆሻሻ ሁሉ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ይነዳል። እኔ ደግሞ የማስተምረው ስለ በረዶ ግግር ነበር። በላዩ ስለሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችና ትሎች፣ ከሩቅ የሚመጣ ጥላሸት በረዶውን አጥቁሮ እንዴት ከነነዋሪዎቹ እንደሚያጠፋው። ብርቱካን የምትባል ተማሪ እያሳላት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚያ ድረስ ሄዶ እንዲህ ካደረገ፣ እዚሁ ያለነውን ምን ያደርገናል?» አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ማቃጠሉ ይቅር፣ ጉድጓድ ይቆፈር አልኩ።

«መምህርት ሰናይት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን የበረዶ ግግር አለ? ጮቄ ተራራ ላይ የጣለው በረዶ እንኳ ውሎ አያድርም። መጽሐፉን ያስተምሩ» አሉኝ፤ እየሳቁ።

ረቡዕ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ጠዋት የለኮሱት ገና ይጨስ ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ሳፋ አጥበን አንዱን ኳስ ሜዳው ላይ፣ ሌላውን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ደቀንን። በረዶው ወረደ። ሲቀልጥ፣ ማጣሪያ ወረቀት ስለሌለን የድሮ ነጠላዬን ቀድጄ አጣራንበት። የሜዳው ጨርቅ ትንሽ አቧራ ያዘ። የጀርባው ጥቀርሻ መሰለ፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ፍርፋሪ ሁሉ አለበት።

ሐሙስ

ጠዋት ሁለቱን ጨርቆች ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩ። ሁለተኛው ደወል ሳይደወል ርዕሰ መምህሩ አስነሷቸው። ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «የተቋሙን ስም ማጉደፍ»። ከተደገመ ወደ ሌላ ወረዳ እዛወራለሁ። ስም የሚያጎድፈው ጨርቁ ነው ወይስ ጭሱ? ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ።

ልወጣ ስል የብርቱካን አባት ገቡ። ጥቁሩን ጨርቅ ልጃቸው ከቆሻሻ ቅርጫት አንስታ ወስዳላቸው ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጌታው፣ ይህን ነው ልጄ የምትተነፍሰው?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ተመለከቱ። አልረዳኋቸውም።

«የላክኋት እንድትማር ነው» አሉ አባትየው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ሌሎቹንም ወላጆች ይዤ እመጣለሁ።»

ዓርብ

እሳት አልነበረም። ዘበኛው ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ርዕሰ መምህሩ ሰላምታዬን አልመለሱም። ደብዳቤው አልተነሳም። ፕላስቲኩን ይለያሉ ወይስ እዚያው ይቀብሩታል፣ የነገረኝ የለም።

ፈርቻለሁ። ንዴቴም ገና አልበረደም።